9 ኪሎ ድንጋይ በ50 ሊትር ውሃ፦ ለትንሽ የሪፍ ገንዳ ሕያው ድንጋይ የመረጥንበት ጉዳይ

ስልኩ የተደወለው ማታ ነው። «አንተ ልጅ፣ ውሃው ገማብኝ። ዓሣዋም ላይ ላዩን ነው የምትተነፍሰው» አሉኝ። ደዋዩ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የንጹህ ውሃ ዓሣ ለዓመታት ያረቡ፣ እጃቸው የለመደ ሰው ናቸው። የጨው ውሃ ገንዳ፣ ያውም የሪፍ (የባሕር ውስጥ የኮራል ዓለት) ዓይነት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ገንዳው ከቆመ ገና 4 ቀኑ ነው።

ስሄድ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ። ገንዳው ውስጥ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሣዎች ነበሩ። አንዷ ጥግ ላይ ሞታለች። ሌላዋ አፏን ውሃው ፊት ላይ ደቅናለች፤ መተንፈሻዋ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አሞኒያውን፣ ከብስባሽና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ ለካሁት። በሊትር 2 ሚሊግራም። መሆን የነበረበት ዜሮ ነው። ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ደግሞ 8.2 ነበር። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር አሞኒያ ወደ መርዛማው መልኩ ያደላል። ስለዚህ ጋሼ በለመዱት የንጹህ ውሃ ገንዳ አንድ ዓሣ ሊቋቋመው የሚችል መጠን፣ እዚህ ይገድላል።

የተረፈችውን በባልዲ አድርጌ ወደ እኔ ገንዳ ወሰድኳት። ቀሪውን ለነገ አልን።

ችግሩ የት ነበር?

በማግስቱ ሁሉንም ነገር ዘርዝረን ጻፍን። ገንዳው 60 በ30 በ36 ሴንቲ ሜትር ነው። በስሌት 64 ሊትር ገደማ ይይዛል። 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አለው። ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተሞላው። ድንጋዩ የያዘው ቦታ ሲቀነስ ትክክለኛው ውሃ ወደ 50 ሊትር ወረደ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። በሐሳባቸው 64 ሊትር ውሃ ነበራቸው። ለትንሽ ገንዳ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ማሞቂያው ደህና ነው፤ 25 ዲግሪ። ጨዉም ልክ ነው፤ ሪፍራክቶሜትሩ (የጨው መለኪያው) 1.025 ይላል። ፓምፑ ይሠራል። የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ድንጋዩ 5 ቁራጭ፣ 9 ኪሎ ነበር። ዓይን ይስባል። ሁለቱ ቁራጮች በሐምራዊ ኮራላይን አልጌ (ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጣበቅ) ተሸፍነዋል። አንደኛው ጉያው ውስጥ የቡጢ ያህል ብርቱካናማ ስፖንጅ አቅፏል። ሻጩ «ሕያው ነው፣ ዛሬውኑ ገንዳ ይገባል» ብሏቸዋል። እሳቸውም ያንኑ ቀን አስገቡት። በማግስቱ ዓሣዎቹን ጨመሩ።

«ከውሃ ውጭ ስንት ሰዓት ቆየ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ እሱን አልጠየቅኩም። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆይቷል መሰለኝ።»

ሁለት ቀን። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሕያው ድንጋይ የምንለው ራሱ ሕይወት ያለው አይደለም። የሞተ ኮራል አጽም ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ሕይወቱ ያለው በላዩና በውስጡ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል። አንዱ ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ኦክስጅን በማይደርስበት የውስጥ ክፍል ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ከውሃው ያስወጡታል። ለዚህ ነው ድንጋዩ የሪፍ ገንዳ ዋና ማጣሪያ የሚባለው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኢንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ውሃ፣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ገንዳ ማቆየት እንደሚቻል አሳይቷል።

ከባክቴሪያው ጋር ግን ሌሎችም አሉ። ስፖንጅ፣ ትላትል፣ ጥቃቅን ሸርጣኖች፣ አልጌ። ድንጋዩ ከውሃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው። ባክቴሪያው እርጥበት ካለ ብዙው ይተርፋል። የሞተው ሥጋ ግን ውሃ ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። የተረፈው ባክቴሪያ ያን ሁሉ ጭነት አይችለውም። 500 ሊትር ውሃ ቢሆን ኖሮ ይኸው አሞኒያ በአሥር እጥፍ በቀጠነ ነበር። 50 ሊትር ውስጥ ግን መድረሻ የለውም።

ስፖንጁን በጣቴ ነካሁት። እንደ በሰበሰ ቲማቲም ተፈረካከሰ። ጣቴን አሸተትኩ፤ ትናንት በር ላይ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ጋሼንም አስሸተትኳቸው። «በቃ ገባኝ» አሉ።

የኪሎው ሕግ

ጋሼ አንድ ነገር አልዋጥ አላቸው። «እኔኮ የተባለውን ነው ያደረግኩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። የተለመደው ልኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ከ120 እስከ 240 ግራም ድንጋይ ይላል። በ64 ሊትር ሲሰላ ከ8 እስከ 15 ኪሎ መሆኑ ነው። 9 ኪሎ ከሕጉ አልወጣም።

ሕጉ ግን ክብደት ነው የሚለካው። ባክቴሪያ የሚፈልገው ደግሞ ገጽ ነው፤ ቀዳዳ፣ ዋሻ፣ ሽንቁር። ይህን ለማሳየት አንድ የእሳቸውን ቁራጭና ከእኔ ገንዳ የመጣ አንድ ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። መጠናቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም የትልቅ ሎሚ ያህል። «ዓይንዎን ጨፍነው ያንሷቸው» አልኳቸው። የእሳቸው እንደ ወንዝ ጠጠር ከበደ። የእኔው ቀለለ፤ ሲታይም እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው። ውሃ ሲያፈሱበት በሌላ በኩል ይወጣል።

ከባድ ድንጋይ ለትንሽ ገንዳ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። ቦታ ይወስዳል፤ የያዘውን ቦታ ያህል ግን አይሠራም። 9 ኪሎውን የሊትር ምልክት ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ በየተራ ስንነክረው ወደ 4 ሊትር ውሃ ገፋ። ከ50 ሊትር ላይ 4 ሊትር ብዙ ነው። ስለዚህ እኔ ለትንሽ ገንዳ የኪሎውን ሕግ አልከተልም። ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ ከሆነ በሊትር 100 ግራም አካባቢ ይበቃኛል። ይህ የራሴ ልማድ ነው፤ ዓሣ ሳላበዛ ሠርቶልኛል።

ከመቀቀል የተረፈው ድንጋይ

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ሰው ሊጎዳበት ስለሚችል ነው።

ጋሼ ድንጋዮቹን ወደ ኩሽና ይዘው መሄድ ጀመሩ። «ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው። «ልቀቅላቸዋ! የሞተው ሁሉ ይጥራ፣ እንደ አዲስ እንጀምር።» ትልቁ ድስት ምድጃው ላይ ወጥቷል።

ከእጃቸው ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። አንደኛው ቁራጭ ጀርባ ላይ ቡናማ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረው ነበር። ፓሊቶዋ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች ናቸው። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው። በተፈጥሮ ከሚታወቁ እጅግ ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። ድንጋዩ ሲቀቀል መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሰዎች፣ አንዳንዴም መላ ቤተሰብ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሐኪም ቤት ገብተዋል። ይህ ተጽፎ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋይ መቀቀል፣ ምድጃ ውስጥ ማድረቅ፣ በፈላ ውሃ መፈተግ ፈጽሞ አይሆንም። በእጅ ሲነካም ጓንት ይደረጋል፣ ዓይን ይሸፈናል። እጅ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ድስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

5 ሳምንት በበርሜል

የተስማማነው ድንጋዩ በደንብ እንዲያርፍ፣ ማለትም የሞተው ሁሉ በስብሶ እስኪያልቅ ከገንዳው ውጭ እንዲቆይ ማድረግ ላይ ነው። አንድ የፕላስቲክ በርሜል፣ 60 ሊትር የጨው ውሃ፣ ማሞቂያ፣ ጠንከር ያለ ፓምፕ። መብራት የለም፤ ብርሃን ካለ አልጌ ይፈላል። ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈተግን። ነጭ ዝልግልግ ያለበትን፣ የጠቆረውን፣ የሚሸተውን ሁሉ አነሳን። ሐምራዊውን ኮራላይን አልነካነውም። ቡናማ ቁልፎቹ ያሉበት ቁራጭ ለብቻው በሌላ ባልዲ ተቀመጠ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያው 4 ደረሰ። በየሦስት ቀኑ ግማሹን ውሃ ቀየርን። የታችኛውን ዝቃጭም በጎማ ቱቦ ሳብነው። ጋሼ በየቀኑ ማታ ክዳኑን ከፍተው ያሸቱ ነበር። በ3ኛው ሳምንት አሞኒያ ዜሮ ሆነ፤ ናይትራይት ግን ገና ነበር። በ5ኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ሽታውም ተለወጠ። የባሕር ዳርቻ ሽታ ብቻ ቀረ፣ ንጹህ የጨው ሽታ። ቁጥሩን ሳናይ በአፍንጫ ብቻ መናገር እንችል ነበር።

በመካከሉ ሌላ ሥራ ነበረን። ማታ ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ይዘን ክዳኑን እናነሳለን። ድንጋይ ይዟቸው የሚመጡ እንግዶች በጨለማ ነው የሚወጡት። ሦስት ዓይነት አገኘን።

ብሪስል ዎርም የሚባለው ባለፀጉር ትል ብዙ ነበር። ጋሼ ሊለቅሙት እጃቸውን ሰደዱ። የጠጉሩ እሾህ ጣታቸው ላይ ተሰካ። በማጣበቂያ ፕላስተር ነቅለን፣ ሆምጣጤ አደረግንበት። ትሉን ግን አላስወገድንም። የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ይበላል፤ ጠቃሚ ነው።

ሁለተኛው ሸርጣን ነው። እግሩ ጠጉራም፣ የመቁረጫው ጫፍ ጥቁር። ይህ መልክ ያለው ሸርጣን ሲያድግ ዓሣና ቀንድ አውጣ ያጠቃል። የተደበቀበትን ድንጋይ አውጥተን ቀዳዳው ላይ በጣም ጨዋማ ውሃ አንቆረቆርን። ወጣ። በ50 ሊትር ገንዳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እሱን ለመያዝ ሁሉን ነገር ማፍረስ ነበረብን።

ሦስተኛው አይፕቴዢያ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ የዘንባባ ዛፍ የሚመስል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነው። ፍቀው ቢያነሱት ከቀረችው ቁራጭ ሌላ ይበቅላል። እኛ ያለበትን ጠርዝ በመሮና በመዶሻ ቆርጠን ጣልነው። ከውሃ ውጭ፣ ገንዳው ከመቋቋሙ በፊት ስለሆነ ቀላል ነበር። ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው ይህን የበርሜል ጊዜ አጥብቄ የምመክረው ለዚህም ነው። ውሃው ከመጥራቱ ሌላ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ቀድመው ያውቁታል።

ሁለተኛው ምርጫ

5ቱን ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ፈረድን። ባለ ቡናማ ቁልፉ አይገባም። ስፖንጁ የነበረበትና ሌላው ድፍን ቁራጭ ከባዶች ናቸው፤ አይገቡም። ሁለቱ ሐምራዊዎች፣ በጠቅላላ 2 ኪሎ፣ ቀዳዳ አላቸው፣ አርፈዋልም። ገቡ።

የቀረውን ቦታ በምን እንሙላው? ጋሼ ሌላ ሕያው ድንጋይ ማምጣት ፈለጉ። እኔ ደረቅ ድንጋይ አልኩ። ተከራከርን። የእሳቸው ሐሳብ ከንቱ አልነበረም። ደረቅ ድንጋይ ሕይወት የለውም። የሕይወቱ ብዛት ከባሕር ከመጣው ጋር አይወዳደርም። ገንዳውም ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቡናማና አረንጓዴ አልጌው ይፈታተናል። በሌላ በኩል ግን ሸርጣን የለውም፣ አይፕቴዢያ የለውም፣ የሚበሰብስ ስፖንጅ የለውም። ቀላሉን መርጦ ማንሳት፣ መስበር፣ ማጣበቅ ይቻላል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዱር ሪፍ የሚነቀል ድንጋይ ተመልሶ ለመሠራት ዘመናት ይፈጃል። ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ናቸው፤ ሕያው ድንጋይም በዚሁ ሥር ነው የሚታየው። ፍሎሪዳ ላይ ከዱር መንቀሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ሙሉ በሙሉ ቆሟል። እዚያ አሁን የሚሸጠው ሰዎች ራሳቸው ባሕር ውስጥ አስቀምጠው ለዓመታት ያቆዩት የኖራ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ከተገኘ ደስ ይለኛል። ከየት እንደመጣ ሻጩ መናገር ካልቻለ ግን አልወስደውም።

ጋሼ በመጨረሻ ተስማሙ። 4 ኪሎ ቀላል ደረቅ ድንጋይ ያዝን። እሱም በቀጥታ አልገባም። ለአንድ ሳምንት በንጹህ ውሃ ነከርነው። ፎስፌቱን ስንለካ በሊትር 0.3 ሚሊግራም ሆነ። ደረቅ ድንጋይ ድሮ በላዩ የደረቀውን ነገር ቀስ እያለ ይለቃል፤ አልጌ ደግሞ ፎስፌት ይወዳል። ውሃውን እየቀየርን ሦስት ሳምንት ቆየን። 0.05 ሲደርስ በቃን።

ከእኔ ገንዳ ደግሞ የጡጫ ያህል አንድ ቁራጭ ሰጠኋቸው። ዓመታት የቆየ፣ ትላትሉና ጥቃቅን ነፍሳቱ የሞላ። ውሃ ውስጥ እንደተነከረ በባልዲ ነው የሄደው፤ ለደቂቃም አየር አልነካውም። እንደ እርሾ ነው። ደረቁን ሁሉ ቀስ በቀስ የሚያስነሳው እሱ ነው።

አደራደሩ ላይ ብዙ አልደከምንም። የታችኞቹን ድንጋዮች ከአሸዋው በታች፣ መስታወቱ ላይ አስቀመጥን። አሸዋ ላይ ቢቀመጡ የሚቆፍር ዓሣ ከሥራቸው ያለውን አሸዋ ሲያወጣው ይናዳሉ። በድንጋዩና በመስታወቱ መካከል በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ተውን፣ መጥረጊያው እንዲያልፍ፣ ውሃም ከኋላ እንዲዞር። ሁለት ጉብታ፣ በመካከል ሸለቆ። መገጣጠሚያዎቹ በጄል ሙጫና በኤፖክሲ ተያያዙ።

ከዚያ ወዲህ

ዓሣ ሳይገባ የአሞኒያ ጠብታ እየጨመርን ፈተንነው። መጀመሪያ 2 ሚሊግራም አሞኒያ ለመጥፋት 4 ቀን ፈጀበት። በ4ኛው ሳምንት ያው መጠን በአንድ ቀን አለቀ፤ ናይትራይቱም አብሮት ዜሮ ሆነ። ያኔ ክላውንፊሿ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ብቻዋን። ጋሼ ሌላ ለመጨመር ሁለት ወር ታገሱ።

ቡናማው አልጌ በ2ኛው ሳምንት መጣ፣ አሸዋውን ሸፈነ፣ ከዚያ ሄደ። አረንጓዴው ተከተለ። ጋሼ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው ደወሉልኝ። «ድንጋዩን ላውጣውና ልፈትገው?» «ይተዉት ጋሼ፤ ቀንድ አውጣ ይጨምሩና ውሃ ይቀይሩ» አልኳቸው። ተዉት። በ3ኛው ወር ደረቁ ድንጋይ ላይ የመጀመሪያዋ ሐምራዊ ነጠብጣብ ታየች፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። ፎቶ አንስተው ላኩልኝ።

ባለፈው ጊዜ ለሌላ ሰው ገንዳ ድንጋይ ለመምረጥ አብረን ሄድን። ጋሼ ቀለሙን አላዩም። አንዱን ቁራጭ አነሱ፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ሻጩን «ልጄ፣ ይሄ ከውሃ ከወጣ ስንት ሰዓት ሆነው?» አሉት።